መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው

ከአስራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ጀርባ ባለው ሰፈር መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ «ኤጭ!» ይላል። የሲሃም የፀጉር ካስክ እየነፋ ሳለ ቀጥ ይላል። የደሜ ብየዳ ብልጭታውን ይውጣል። ወፍጮ ቤት የተሰለፈው፣ ካውያ የያዘው፣ ስልኩን የሰካው ሁሉ እንደየአቅሙ ያማርራል። በዚያ ሁሉ እርግማን መሃል ከአንድ ግቢ ብቻ «ተመስገን!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ የማኑሄ ነው።

ማኑሄ ክፉ ሰው እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅ። ከከምባታ መጥቶ ኮልፌ ከገባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ገበያው ውስጥ ባልዲና ሳፋ፣ ጀሪካንና የልጆች ፖፖ ይሸጣል፤ ሚዛኑ ልክ፣ ምላሱ ጣፋጭ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድሞ ይገኛል፣ ሲነቀል ደግሞ መጨረሻ ላይ ይሄዳል። ሰፈሩ ውስጥ ያላበደረው ጃንጥላ የለም። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሬዲዮ ይወዳል።

ሬዲዮ ሲባል ዜና የሚያወራው፣ ዘፈን የሚያዘፍነው አይደለም። በዓለም ዙሪያ ለደሞዝ ሳይሆን ለፍቅር ብቻ ከየቤታቸው በሬዲዮ የሚጠራሩ ሰዎች አሉ፤ አማተር ይሏቸዋል። ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ ከአንድ ትንሽ አምፖል ያነሰ ጉልበት ይዘው ስማቸውንና ያሉበትን ቦታ ብቻ ወደ ሰማይ ይወረውራሉ። ማን እንደሚሰማቸው አያውቁም። የሰማ ሰው ግን ኮምፒውተሩ ወዲያው ኢንተርኔት ላይ ላለ አንድ ካርታ «እኔ ሰምቻለሁ» ይላል፤ ካርታውም ከላኪው እስከ ሰሚው ቀጭን መስመር ያሰምራል። ሰማዩ ደግሞ እንደ ሰው ጠባይ አለው። አንድ ቀን ለህንድ ይከፍታል፣ አንድ ቀን ቆጵሮስን እንኳ በሩ ላይ ያቆማል። ካርታውን ያየ ሰው ሰማዩ ዛሬ ከማን ጋር እንደታረቀ ያውቃል።

ማኑሄ ሰሚ እንጂ ላኪ አይደለም። አንዲት የሳሙና እቃ የምታህል መቀበያ፣ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሁለቱን የሚያሠራ የመኪና ባትሪ አለው። ከቤቱ ጣሪያ የተነሳ ቀጭን ሽቦ አጥሩን ተሻግሮ በዕድሩ ግቢ ከቆመው ባሕር ዛፍ ላይ ይታሰራል። ካርታው ላይ ኮልፌ አንዲት ነጥብ ናት፤ ያቺ ነጥብ ማኑሄ ነው። ባልዲ ሲሸጥ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ከአውስትራሊያ የተዘረጋ መስመር እሱ ላይ ሲያርፍ ሲያይ ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው ያየው ብቻ ነው። ሚስቱን ወርቅዬን ስንት ጊዜ ጠርቶ አሳይቷታል! እሷም ስንት ጊዜ «ጎሽ» ብላው ወደ ድስቷ ተመልሳለች!

ሰፈሩ ግን ይጮኻል። የሰው ጩኸት አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ነው። ርካሽ አምፖሉ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ ካስኩ፣ ብየዳው፣ ፍሪጁ ሁሉ በሰው ጆሮ የማይሰማ፣ በማኑሄ ሽቦ ግን የሚገባ ሹክሹክታ አላቸው። ሁሉም ተደማምረው «ሽሽሽሽ» ሲሉ ከሩቅ አገር የመጣችው ቀጭን ድምፅ ትዋጣለች። መብራት ሲጠፋ ታዲያ ያ ሁሉ ጫጫታ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል፤ መቀበያው በባትሪው ይቀጥላል፤ ዓለምም ተግተልትሎ ይገባል። ማኑሄ «ተመስገን!» የሚለው ለዚህ ነው። ባይጮህ ይሻለው ነበር፤ ግን ደስታ መደበቅ አልፈጠረበትም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የሠርግ ሰሞን ነው። ሲሃም ፀጉር ቤቷ ውስጥ ሙሽራ አስቀምጣ ግማሹን ፀጉር ሠርታ ግማሹ ገና እንደረጠበ መብራት ጠፋ። ጭንቅላቷን ይዛ ወደ ደጅ ስትወጣ ማዶ ማኑሄ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ እስከ መንጋጋው እየሳቀ ያጨበጭባል።  ነገሩን በልቧ ያዘችው።

ሁለተኛዋ ዮዲ ናት። ዮዲ ባንክ ትሠራለች፤ የቁጥር ሰው ናት፤ ሁለት ነገር አንድ ላይ ካየች ሳታገናኝ አታድርም። ካርታውን ያሳያት ራሱ ማኑሄ ነው፤ የዋህ! «እዪ፣ ይቺ እኔ ነኝ» ብሎ ነጥቡን በጣቱ ነክቶ አሳያት። እሷም ቤቷ ገብታ የኋላ የኋላውን ስታገላብጥ አንድ ነገር አየች። መብራት ባለ ጊዜ የኮልፌ ነጥብ ጭር ይላል። መብራት በጠፋ ሰዓት ሁሉ ግን መስመሩ እንደ ጃርት እሾህ ከኮልፌ ተነስቶ በየአቅጣጫው ይቆማል። ዮዲ ይህን ፎቶ አንስታ የሰፈሩ ሴቶች ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። ከሥሩም «መብራት በጠፋ ቁጥር የጋሽ ማኑሄ ማሽን ይሠራል። መብራት ሲመጣ ያርፋል። እኔ ምንም አላልኩም» ብላ ጻፈች።

ምንም ያላለች ሰው ይህን ያህል ስታስወራ ታይቶ አይታወቅም። አንዷ «ማሽኑ እየመጠጠብን ነው» አለች። ሌላዋ መስመሮቹን ቆጥራ «እዩት፣ መብራታችንን ውጭ አገር እየላከው ነው!» አለች። ወሬው ከሴቶቹ ወደ ወንዶቹ፣ ከስልክ ወደ ፌርማታ ወጣ። ብየዳ ሠሪው ደሜ ቀጥታ መስመር ካለ ኤሌክትሪክ መሳብ እንደሚቻል በሙያው መሰከረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የአውስትራሊያን ሹክሹክታ የሚሰማው ማኑሄ በአጥሩ ሥር የሚባለውን ሳይሰማ ከረመ።

የነገረችው ወርቅዬ ናት። ቴሌግራሙ ውስጥ እሷም መኖሯን ሁሉም ረስተውት ነበር።

ማኑሄ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እኔ? መብራት? በሳሙና እቃ?»

«ሳቅ አንተ» አለችው ወርቅዬ። «ሲሃም ሰላም አላለችኝም ዛሬ።»

«ቀላል ነው። ሲጠፋ ሁሉንም ጠርቼ ባትሪውን አሳያቸዋለሁ፤ በቃ።»

አሁን ደግሞ መብራቱ አልጠፋ አለ። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛው ተከተለ፤ ዝናብ ዘነበ፣ ነፋስ ነፈሰ፣ አምፖሉ ብልጭ እንኳ አላለም። ሰፈሩ እንዲህ ያለ ጊዜ አይቶ አያውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፈጣሪ ይመሰገን ነበር፤ አሁን ግን ሰው ሁሉ በዓይኑ ይጠቃቀስ ጀመር። «ነቃንበት፣ ተወ» ተባለ። ማኑሄ ጠዋት ጠዋት አምፖሉን ቀና ብሎ እያየ «ምናለ አንድ ቀን ብቻ?» ይለው ነበር። አምፖሉ ቦግ ብሎ ያየዋል።

በወሩ የዕድር ስብሰባ ላይ ነገሩ ይፋ ወጣ። ሊቀመንበሩ አቶ ነገሬ ናቸው፤ ነገር ከመጀመራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ደጋግመው የሚያጠሩ፣ ሰው ማስቀየም የማይወዱ ሽማግሌ። የዚያን ቀን ጉሮሯቸውን ከወትሮው ረዘም አድርገው አጠሩ።

«ማኑሄ፣ ሽቦህ የታሰረው ዕድሩ ዛፍ ላይ ነው» አሉ። «ዛፉ የሁላችንም ነው። ሰው ደግሞ ተጠራጥሯል። ይፈታ ወይስ ይቆይ የሚለውን ዛሬ እንቆርጣለን። አንተም ያለህን ተናገር።»

ማኑሄ ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ ነበር። ካርታውን ከፈተ፤ መስመሩ መብራት ሳይሆን ድምፅ መሆኑን፣ መሣሪያው በመኪና ባትሪ እንደሚሠራ፣ መላክ እንኳ እንደማይችል አስረዳ። ጥሩ ይናገር ነበር፤ አንዳንዱም ራሱን መነቅነቅ ጀምሮ ነበር። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ! «እንዲያውም» አለ፣ «ጫጫታው የሚመጣው ከእናንተ ነው። ከካስኩ፣ ከብየዳው፣ ከየአምፖላችሁ…»

«አይ!» ብሎ ደሜ ተነሳ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አሁን ደግሞ ጥፋቱ የኛ ሆነ?»

ቤቱ ተንጫጫ። አቶ ነገሬ ጠረጴዛውን መቱ። ጫጫታው ጋብ ሲል ሲሃም እጇን አወጣች። አልጮኸችም።

«ጋሼ ማኑሄ፣ እኔ ማሽኑን ትቼዋለሁ» አለች። «መብራቱን አላጠፋም ካሉ አላጠፉም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። መብራት ሲጠፋብን ደስ ይልዎታል አይደል?»

«እኔ ደስ የሚለኝ ሰማዩ ሲከፈት…»

«ይልዎታል ወይስ አይልዎትም?»

ማኑሄ ዙሪያውን አየ። አቶ ነገሬን አየ፣ ዮዲን አየ፣ አንገቷን የደፋችውን ወርቅዬን አየ። ውሸት ቢዋሽ የሚያምኑት ይመስሉ ነበር፤ ግን ውሸት በአፉ አልመጣለትም።

«ይለኛል» አለ።

«የዚያን ቀን ሙሽራዋን ግማሽ ፀጉሯ እንደረጠበ ነው የላክኋት» አለች ሲሃም። «አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ደጅ ብወጣ እርስዎ ያጨበጭባሉ።» ይህን ብላ ተቀመጠች።

 የማኑሄ ፊት በእፍረት ጋለ። እውነቷን ነው ብሎ አሰበ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እነሱ ሲጨልምባቸው እሱ ሲበራለት፣ አንድ ቀን እንኳ የማዶው ሰው ምን ሆነ ብሎ አንገቱን አላዞረም። ላፕቶፑን ዘጋ።

«አቶ ነገሬ፣ ሽቦውን እኔው እፈታዋለሁ።»

«ማንም ፍታ አላለህም እኮ፤ ገና መች ቆረጥን?»

«አውቃለሁ» አለና ወጣ። መሰላል አምጥቶ ዛፉ ላይ ወጥቶ ፈታው። ማንም አልከለከለው፣ ማንም አላገዘው። ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር አስገባው።

ከዚያ ወዲያ ማኑሄ ባልዲ ሻጭ ብቻ ሆነ። ሰላምታ አላቋረጠም፣ ከዕድር አልቀረም፤ ፉጨቱ ግን ጠፋ። ካርታው ላይ የኮልፌ ነጥብ ደበዘዘች። ማታ ማታ ግን ሳያይ አያድርም ነበር፤ የሌሎቹ መስመር ከናይሮቢ ወደ ሙምባይ፣ ከጅዳ ወደ ኬፕታውን ሲዘረጋ ያያል፤ ያልተጠራበት ሠርግ ቤት ደጃፍ እንደቆመ ሰው።

አንድ ማታ ካርታው ላይ አንዲት ባሉን፣ ሰማይ ላይ የምትሄድ ፊኛ፣ አየ። ብራዚል ውስጥ ያሉ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች የለቀቋት ናት። ከሥሯ አውራ ጣት የምታህል ሬዲዮ አንጠልጥለውባታል፤ ባትሪ የላትም፣ ፀሐይ ሲወጣ ትነቃለች፣ ሲገባ ትተኛለች፤ በየአሥር ደቂቃው ስሟንና ያለችበትን ብቻ ትናገራለች። በነፋስ አትላንቲክን ተሻግራለች። ካሜሩን አካባቢ ከተሰማች በኋላ ግን ዝም ብላለች። መምህራቸው «በምሥራቅ አፍሪካ ያላችሁ ሰሚዎች፣ በሕይወት ካለች በዚህ ሁለት ሦስት ቀን በእናንተ በኩል ታልፋለች። እባካችሁ ጆሯችሁን አቅኑልን፤ ልጆቹ በየቀኑ ይጠይቁኛል» ብሎ በአማተሮቹ ገጽ ላይ ጽፏል። ማኑሄ ካርታውን አየ። ባሉኗ ታልፍበታለች በተባለው መንገድ ላይ አንድም ሰሚ አልነበረም። ሊኖር የሚችለው አንድ ሰው ነበር፤ የሱም ሽቦ አልጋ ሥር ነው።

«ለምን መልሰህ አትሰቅለውም?» አለች ወርቅዬ።

«በየትኛው ፊቴ?» አላት። «ደግሞስ መብራት እያለ ብሰቅለው ምን እሰማለሁ? ተይው።»

ወርቅዬ ግን አልተወችውም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ተነስታ ፀጉሯን ልትሠራ ሲሃም ጋ ሄደች። ከስብሰባው ወዲህ አልሄደችም ነበር። ጭንቅላቷ መታጠቢያው ላይ ተንጋሎ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የባሉኗን ነገር ከብራዚል እስከ ካሜሩን አንድ በአንድ ተናገረችው። ሲሃም ፀጉሯን እያሸች ሰማቻት። መጨረሻ ላይ «ውሃው ቀዘቀዘብሽ እንዴ?» ብቻ አለቻት። ከዚያ ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ ካስክ ውስጥ አስገባቻት።

ካስኩ ሞቅ እንዳለ መብራት ጠፋ።

«ኤጭ!» አለች ሲሃም፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ሮጣ ወደ ደጅ ወጣች። የወጣችው እሷ ብቻ አይደለችም። ዮዲ ስልኳን ይዛ በሯ ላይ ቆማለች። ደሜ የብየዳ ጭንብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መንገድ ላይ ወጥቷል። አቶ ነገሬ ነጠላ ጫማ ከአንድ ሸራ ጫማ ጋር አጣምረው ደርሰዋል። ሁሉም ቀና ብለው የሚያዩት የማኑሄን ጣሪያ ነበር። ጣሪያው ላይ አንድ ቁራ አለ። ሌላ ምንም የለም።

ደሜ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ።

«ሽቦው የለማ!» አለ ደሜ።

ዮዲ ካርታውን ከፍታ አየች፤ የኮልፌ ነጥብ ደብዝዛ ተቀምጣለች። «የለም» አለች በቀጭን ድምፅ። መጀመሪያ የሳቁት አቶ ነገሬ ናቸው። ከዚያ ሲሃም፣ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፤ መብራት ጠፍቶ ኮልፌ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

ደጅ ያልወጣ አንድ ሰው ማኑሄ ነበር። ለምሳ መጥቶ ቤት ውስጥ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ልቡ እንደልማዱ ዘለለችበት፤ እሱም በገዛ ልቡ ተቆጥቶ በሩን ዘጋ። ማንም ፊቱን እንዳያይበት ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። በሩ ሲንኳኳ የባሰ ነገር የመጣ መሰለው።

«ማኑሄ» አሉ አቶ ነገሬ፤ ጉሮሯቸውን ማጥራት ረስተዋል። «ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ከርመናል። ይቅር በለን።»

«ሲሃም ያለችው ግን እውነት ነው» አለ ማኑሄ።

«እሱን ሌላ ጊዜ እንጣላበታለን» አለች ሲሃም ከኋላቸው። «ባሉኗ የት ደረሰች?»

ማኑሄ ወርቅዬን አያት። ወርቅዬ ቢጎዲኗን ተሸክማ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

ሽቦው ከአልጋ ሥር ወጣ። ዛፉ ላይ መውጣት ጊዜ ይፈጃል ተብሎ አቶ ነገሬ የዕድር ቤቱን ከፍተው የድንኳኑን ረጅም ብረት አስወጡ። ድንኳኑ ሳይኖር ብረቱ ብቻ ሲወጣ ያየች አንዲት አላፊ «ማን ሞተ?» ብላ ደንግጣ ቆመች። «ማንም አልሞተም፣ ባሉን ጠፍታ ነው» አላት ደሜ፤ ሴትዮዋ የባሰ ግራ ገብቷት ሄደች። ብረቱን ሁለት ሰው አቆመው፤ ደሜ ጫፉ ላይ ሽቦውን አሰረ፤ «ትንሽ ወደ ግራ»፣ «ኧረ ወደኔ» ሲባባሉ ቆዩ። የማኑሄ ካርድ አልቆ ስለነበር ዮዲ በስልኳ ኢንተርኔት ሰጠችው፤ ይህን ስታደርግ «እኔ እኮ ያን ጊዜ ምንም…» ብላ ጀምራ ማኑሄ ሲያያት ተወችው። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ጋሽዬ» አለች።

ቤቱ በሰው ሞላ። ማኑሄ ማዳመጫውን ሲያደርግ ያ የናፈቀው ጸጥታ ጠበቀው። ከዚያ ስሞቹ ላፕቶፑ ላይ መውረድ ጀመሩ፤ ካርታውም መስመሩን ማሰመር ጀመረ። ቆጵሮስ ገባች። ህንድ ገባች። ሰው ሁሉ እንደ እግር ኳስ «ኦ!» ይላል። «ይቺስ ማን ናት?» ይላሉ አቶ ነገሬ እያንዳንዷን። ባሉኗ ግን የለችም። የምትናገርበት ጊዜ ደረሰ፣ አለፈ፤ የለችም። የሚቀጥለውን ሲጠብቁ አምፖሉ ቦግ አለ።

«መጣ!» አሉ ውጭ ያሉ ሕፃናት።

ጫጫታው በማኑሄ ጆሮ ውስጥ እንደ ጎርፍ ገባ። ካርታው ባለበት ቀረ። ማዳመጫውን ወደ አንገቱ አወረደና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በቃ፣ ይሄው ነው። እግዜር ይስጥልኝ። ሂዱ፣ ሥራችሁ ይጠብቃችኋል።»

አልተከራከሩትም። አንድ በአንድ ወጡ፤ ሲሃም ወርቅዬን እጇን ይዛ ወጣች፣ ዮዲ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ማኑሄ ብቻውን ቀረ። አልከፋውም፤ መምጣታቸው ራሱ በቂ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ግን ልማድ ሆኖበት ማዳመጫውን መልሶ ጆሮው ላይ አደረገ።

ስድስት ዓመት ሲሰማቸው ስለኖረ የእያንዳንዱን ቤት ጩኸት ለይቶ ያውቃል። ያ እንደ ንብ «ዝዝዝ» የሚለው የሲሃም ካስክ ነው። ያ የሚንጫጫው የደሜ ብየዳ ነው። ያ ቀጭን ፉጨት የዮዲ ቻርጀር፣ ያ የሚያጉረመርመው የአቶ ነገሬ አምፖሎች። አሁን ደግሞ ሲያዳምጥ ንቡ ቆመ። መብራት እንደገና የጠፋ መስሎት ቀና አለ፤ አምፖሉ ከራሱ በላይ ቦግ ብሎ በርቷል። ብየዳው ቆመ። ፉጨቱ ቆመ። ከዚያ ማጉረምረሙ፣ ከዚያ ደግሞ ስማቸውን የማያውቃቸው፣ ከማዶ ያሉት፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ቆሙ። ማኑሄ ተነስቶ በመስኮቱ አየ። ሲሃም ፀጉር ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆጣሪዋ ሥር ቆማ ለማዶው ሰው በእጇ «አጥፋ፣ አጥፋ» ትላለች።

ዓይኑ እንባ ሞላው። የሳቀም ያለቀሰም መሰለው፤ ሁለቱም ነበር። ቀስ ብላ የተመለሰችው ወርቅዬ ከጓዳ ፍሪጁን ስትነቅል ተሰማ፤ ከዚያ የራሱም አምፖል ጠፋ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት እያለ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጸጥ አለ።

ባሉኗ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ተናገረች። ስሟ ላፕቶፑ ላይ ሲወርድ ማኑሄ ሁለቴ አነበበው። ካርታው አሰበ፣ አሰበና ከኮልፌ ወደ ደቡብ ምዕራብ አጭር መስመር አሰመረ። ማኑሄ ማዳመጫውን እንደተሸከመ ደጅ ወጣ።

«ቦንጋ ላይ ናት!» ብሎ ጮኸ።

«ቦንጋ?» አሉ አቶ ነገሬ ከአጥራቸው በላይ። «ማሩ ሸቷት ነዋ!»

ሲሃም መንገዱን ተሻግራ መጣች። ከኋላዋ ደንበኞቿ ፎጣ እንደጠመጠሙ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም የቸኮሉ አይመስሉም። ማኑሄ ሊያመሰግናት አፉን ከፈተ። እሷ ቀደመችው።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት መብራት እስኪጠፋ ከሚጠብቁ» አለች፣ «ምናለ አንድ ቀን እኛን ቢጠይቁን?»

ማኑሄ አሰበ። ጃንጥላውን ለሰፈር ሁሉ ያበደረ ሰው ከሰፈሩ አንድ ነገር ለምኖ አያውቅም ነበር። ከመጠየቅ ይልቅ የሰውን መከራ መጠበቅ ለምን እንደቀለለው ለራሱም አልገባውም። ነጠላ ጫማውን አየ፣ ቀና አለ።

«እንግዲያው ልጠይቅ» አለ። «ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግማ ትናገራለች። እስከዚያ አታብሩብኝ።»

ሲሃም ወደ ሰፈሩ ዞረች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «አሥር ደቂቃ ጨምሩልኝ ብለዋል!» ብላ ተጣራች። ከየግቢው «እሺ!» ተባለ። ደሜ ብቻ ከሱቁ ራሱን አውጥቶ «ስምንት!» ብሎ ተከራከረ፤ ሰምቶ የመለሰለት የለም። ማኑሄ ወደ ቤት ገባና ለብራዚሉ መምህር «ልጆቹን ንገራቸው፤ ደህና ናት» ብሎ መጻፍ ጀመረ።